ማታ ማታ ሰፈሩ የማን ነው?

ሰው ስለ አዲስ አበባ ሲያወራ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራል፣ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከእንጦጦ ጫካ ቁልቁል ስለሚወርደው ነዋሪ ግን የሚያወራ ብዙ የለም። ይሄ ነዋሪ መታወቂያ የለውም፣ ኪራይ አይከፍልም፣ ዕድርም አልገባም። ዳሩ ግን ከእኔም ከእናንተም ከአያቶቻችንም በፊት እዚህ ነበር። አያ ጅቦ!

«ጅብማ ገጠር ነው፤ ምን ሊሠራ ከተማ ይመጣል?» የምትሉ አትጠፉም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ከፎቅ የማይወርዱ፣ ሲወርዱም በቀጥታ መኪና ውስጥ የሚገቡ ናቸው። እስቲ ሽሮ ሜዳን ጠይቁ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን፣ ቀጨኔን፣ ጉለሌን፣ የካንና ኮተቤን ጠይቁ። እዚያ ያደገ ልጅ ጅብ ሲጮኽ ትራሱን ገልብጦ ይተኛል እንጂ አይነሳም። «ዛሬ ደግሞ በጊዜ መጣ» ብሎ በጩኸቱ ሰዓት የሚገምትም አለ።

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ስል ሌሊት ሌሊት የሚሠሩ ሰዎችን እየፈለግሁ ሳዋራ ሰነበትኩ። ጅብ አይቶ የማያውቅ አንድም አላጋጠመኝም። የካ አካባቢ ዳቦ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ሥራ የምትገባው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ቤቷ ከዳቦ ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ይርቃል። «መጀመሪያ ያየሁት ቀን ትልቅ ውሻ መስሎኝ ‹ሂድ!› አልኩት» አለችኝ። «ዞሮ ሲያየኝ በመንገዱ መብራት ዓይኑ አረንጓዴ ሆነ። ደግሞ የኋላው ዝቅ ያለ ነው። ያኔ ነው ጉልበቴ የከዳኝ።» አሁንስ አልኳት። «አሁንማ ለምጄዋለሁ። እሱ መንገዱን ነው የሚሄደው። እኔ የምፈራው ሁለት እግር ያለውን ነው።» ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

በጥበቃ ሥራ ያረጁ አንድ አባት ደግሞ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን እግራቸው ሥር አጋድመው፣ «ልጄ፣ ጅብ ሌባ አይደለም» አሉኝ። «ሌባ አጥር ይዘላል። ይሄ ግን እናንተ የጣላችሁትን ነው የሚያነሳው።» እርግጥ በግም ውሻም ሲያገኝ አይምርም። ግን የአባትዬው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ ሰነበተ። እናንተ የጣላችሁትን።

ለመሆኑ በየት በኩል ነው የሚገባው? ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተመረጠላት ቦታ ከላይ ተራራ፣ ከመሃል ወንዝ በወንዝ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌና ሌሎቹም ከእንጦጦ በኩል ይነሱና ሰፈሩን እየሰነጠቁ ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ለእኛ ወንዙ ምንድነው? ድልድይ ላይ ሆነን አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ገደል ነው። ለአያ ጅቦ ግን አስፋልት ነው። ከጫካው ተነስቶ በወንዙ ሸለቆ ውስጥ ለውስጥ ሰው ሳያየው ቁልቁል ይወርድና፣ ቆሻሻ በተከመረበት፣ ሥጋ ቤት ባለበት፣ ውሻ ሞቶ በተጣለበት ብቅ ይላል። ሊነጋ ሲል በዚያው መንገድ ሽቅብ ይመለሳል። ከረፈደበትም ቸግሮት አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ደን አለ፣ የመቃብር ቦታ አለ፣ ዛፍ የሞላበት የኤምባሲ ግቢ አለ። ቀኑን እዚያ ተኝቶ ይውላል። እናንተ በአጥሩ ጥግ ከጓደኛችሁ ጋር እየተሳሳቃችሁ ስታልፉ እሱ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ጆሮውን አቁሞ እየሰማችሁ ሊሆን ይችላል።

በቅርብ ዓመታት ወንዞቹ ዳር የእግር መንገድ እየተነጠፈ፣ መብራት እየተተከለ፣ አበባ እየተዘራ ነው። ደስ ይላል፤ ወጣቱ ፎቶ እየተነሳበት ነው። ጅቡስ የት ሄደ ያለ ግን የለም። እኔ በበኩሌ መንገድ ቀየረ እንጂ ከተማ ለቀቀ ብዬ አላምንም። ምግቡ እዚህ እያለ የት ይሄዳል?

ስለ ምግቡ ካነሳን አይቀር፣ ይሄ ፍጡር የሚደንቅ ሆድ ነው ያለው። እኛ ጋ ያለው ነጥባማው ጅብ ነው። አጥንቱን በመንጋጋው ሰብሮ፣ አድቅቆ፣ ውጦ ይፈጨዋል። ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው በልቶ በጨረሰው አጥንት ምክንያት ነው። ሌላው እንስሳ ትቶት የሚሄደው ለእሱ ምሳ ነው። የሞተ ውሻ፣ ሲሠራ ኖሮ መንገድ ዳር የወደቀ አህያ፣ የበዓል በግ ጭንቅላትና ሰኮና፣ ከምግብ ቤት የተደፋ ትርፍራፊ፣ ሁሉም ይሄዳል። እኛ ደግሞ አንሳሳም። ለዘመን መለወጫ እናርዳለን፣ ለገና እናርዳለን፣ ለፋሲካ እናርዳለን፣ ለአረፋ እናርዳለን። ከዚያ አንጀቱንና አጥንቱን በፌስታል ቋጥረን ከበር ውጪ እናኖራለን። «ማዘጋጃ ቤት ያነሳዋል።» ማዘጋጃ ቤት ጠዋት ሲመጣ ፌስታሉ ተቀዶ ባዶውን ያገኘዋል። ማን አነሳው? ምን አለፋችሁ፣ ሌላኛው የጽዳት ሠራተኛ ቀድሞ አንስቶታል።

ይሄን ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መቀሌ ከተማና ዙሪያዋ ላይ ተመራማሪዎች ቁጭ ብለው ቆጥረውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናታቸው እዚያ ያሉት ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሞተ እንስሳ ቅሪት ጠራርገው እንደሚበሉ አስልተዋል። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው፤ ከሁለት ሺህ ኩንታል በላይ ማለት ነው! ያ ሁሉ በድን ሜዳ ላይ ቢበሰብስ አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ከብቱም ወደ ሰውም ሊተላለፍ ይችል ነበርና፣ ጥናቱ ጅቡ ከበሽታ ያተረፈውንም አብሮ ገምቷል። ደመወዝ የለ፣ ጓንት የለ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለ።

ከዚህ የባሰ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጅብ ጾም ያውቃል? አያውቅም፤ ግን ጾማችን ይደርስበታል። እንደገና ትግራይ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴ ውስጥና ከሁዳዴ በኋላ ማለት ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ዕርዱ ይቆማል፣ አጥንት ከመንገድ ይጠፋል። አያ ጅቦ ታዲያ ምን ያደርጋል? አህያ ላይ ይዞራል! የአህያ ጸጉር የተገኘበት ኩስ ከጾሙ በፊት 15 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ አሻቀበ። ፋሲካ አልፎ ዕርዱ ሲመለስ ወደ 22 በመቶ ወረደ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የምንለውን ተረት አስቡት፤ ለካ አህያዪቱን ያጋለጣት የባሏ ድክመት ብቻ ሳይሆን የእኛም ምጣድ መቀየር ኖሯል። በሌላ አነጋገር፣ የእኛ ማዕድ ሲቀየር የእሱም ይቀየራል። ከእኛ ጋር የሚኖር ማለት እንዲህ ነው።

መቼም ይሄ ገጽ የወጣቶች ገጽ ነውና አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጅብ መንደር ውስጥ አለቃዋ ሴቷ ናት። ከወንዱ በአካል ትበልጣለች፣ ቀድማ ትበላለች፣ መንጋውን ትመራለች። ልጅ ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ሌላ መንጋ ይጠጋል፤ እዚያም ከሥር ነው የሚጀምረው፣ አንገቱን ደፍቶ። ሴቷ ብልት የወንድ ስለሚመስል «ጅብ ወንድም ሴትም ነው» ሲባል ኖሯል፤ ሐሰት ነው። ያ «ሳቅ» የምንለው ድምፅም ሳቅ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሲፈራ ወይ ሲጨነቅ የሚያወጣው ነው። ይሄን ለአንድ ወንድ ጓደኛዬ ብነግረው «ታዲያ እኔም ጅብ ነኝ ማለት ነው» አለኝ።

ሌላ ሐሰት ደግሞ አለ፤ እሱ እንኳ አያስቅም። ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ጥበብ የሚሸምነውን ሰው «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል» እያሉ ማሸማቀቅ። የሠሩትን ጀበና ገዝቶ ቡና እያፈሉ፣ የሠራችውን ሴት ግን መሸሽ። የጅብ ነገር ሲነሳ ይሄ ወሬ ዛሬም በሹክሹክታ ይነሳል። ነውር ነው፤ በቃ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። ጅብ አይጎዳም አላልኩም። ይጎዳል። ግን ማንን ነው የሚጎዳው? በአዲስ አበባ ጅብ ሰው ነከሰ፣ ሕፃን ወሰደ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር የተጎጂውን አድራሻ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባለ ግንብ አጥሩ አይደለም። በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው ልጅ ነው። ላስቲክ ቤት ውስጥ ሕፃኗን ታቅፋ የተኛች እናት ናት። ጠጥቶ ቦይ ውስጥ የወደቀ ሰው ነው። ጅብ ደፋር አይደለም፤ የቆመን ሰው ይሸሻል። የተኛና የማይንቀሳቀስ ነገር ግን ለእሱ የተጣለ ይመስለዋል። አባትዬው «እናንተ የጣላችሁትን ነው የሚያነሳው» ያሉኝ ትርጉሙ ከዚህ ላይ ነው ጉሮሮዬን የያዘኝ።

ጎዳና ላይ ያደረ፣ አሁን መኪና የሚያጥብ አንድ ወጣት እንዴት ይተኙ እንደነበር አጫውቶኛል። ስድስት ሰባት ሆነው ተጠጋግተው ነው። ትንንሾቹን መሃል ያስገባሉ፤ ትልልቆቹ ዳር ዳሩን ይይዛሉ። አንድ ውሻ ነበራቸው፤ ከሚያገኙት ፍርፋሪ ቀድመው ለእሱ ይሰጡ ነበር። «ውሻው ሲጮኽ እንነቃለን። ላስቲክ እናቃጥላለን። ጅቡ ቆሞ ያየናል፣ ይሄዳል።» ውሻውስ የት ደረሰ አልኩት። አንድ ሌሊት ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ ጠዋት አላገኙትም። ይሄን ሲነግረኝ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ እየጨመቀ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰፈሩ ለሁለት ሦስት ቀን ይንጫጫል። «ይገደል!» ይባላል። አንዳንዱ ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ ይጥላል። መርዙን ማን ይበላዋል? የሰፈሩ ውሻ ይበላዋል፣ አሞራ ይበላዋል፣ ድመት ትበላዋለች። ምናልባት ጅቡም ይበላው ይሆናል። ቆሻሻው እዚያው ካለ ግን በሳምንቱ ሌላ ጅብ በዚያው ወንዝ ይወርዳል። በረንዳው ላይ የሚያድሩት ልጆችም እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ እያብሰለሰለኝ ነው ሐረር የሄድኩት። የሐረርን ጅብ ሁሉም ሰው በቴሌቪዥን አይቷል፤ እኔ ግን ትርኢቱን ሳይሆን ሌሊቱን ማየት ነበር የፈለግሁት። ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል። አውቶቡሱ በሌሊት ይነሳል፤ አዋሽ አካባቢ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተደርድረው ሙዝ ልጣጭ ሲጠባበቁ ታያላችሁ (እነሱም እኛን ለምደዋል)፤ ከዚያ ጭሮ፣ ሂርና፣ ቁልቢ፣ አወዳይ ላይ የጫት ገበያው ግርግር፣ ከዚያ ሐረር።

ጁገል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ነው ያረፍኩት። የቤቱ እናት ቀይ መደቡ ላይ አስቀምጠው ቡና በወተት አጠጡኝና «ለምን መጣሽ?» አሉኝ። ለጅብ አልኳቸው። «ወራባ ነው የምንለው እኛ» አሉ። ኦሮሞዎቹም ዋራቤሳ ነው የሚሉት፤ ቃሉ ራሱ ጎረቤት ነው። «በሩን ሳትዘጊ ብትረሺ እንኳ አትፍሪ፤ አይገባም።» እኔ ግን ዘግቼ ነው የተኛሁት፤ ምን ላድርግ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ።

በማግሥቱ ግንቡን ዞርኩት። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ነው የሚነገረው። አምስት የጥንት በሮች አሉት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይሄንኑ ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን በሮቹ አይደሉም፤ ከግንቡ ግርጌ ያሉት ጉድጓዶች ናቸው። ሰው አጎንብሶም አይገባባቸውም። አንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ብመለከተው የድንጋዩ ጠርዝ ለስልሷል። የጅብ በር ናቸው! የጎርፍ ውኃም ይወጣባቸዋል፣ ጅብም ይገባባቸዋል። ስማቸውም ወራባ ኑዱል ነው፤ የጅብ ቀዳዳ እንደማለት። እስቲ አስቡት፤ ከተማ ከጠላት ለመከላከል ግንብ ገንብቶ፣ ለጅብ መግቢያ የተወ ሕዝብ። ሌሊት ይገባል፣ በየጠባቡ መተላለፊያ ዞሮ የተጣለውን ይለቃቅማል፣ ሊነጋ ሲል ይወጣል።

ለምን ቢባል ሰዉ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው ጽዳቱ ነው። ሁለተኛው ጂን ነው፤ ጅብ ጂን ያባርራል፣ ይውጣልም ይላሉ። በጂኑ እመኑ አትመኑ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ለእኔ የገባኝ ግን አንድ ነው፦ ጅቡ ሲያልፍ «ምን ሊወስድብኝ ነው?» ከማለት ይልቅ «ምን ሊወስድልኝ ነው?» ይላሉ።

ሙሐረም በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ዓሹራ ላይ፣ ቅቤ የገባበት ገንፎ ለጅብ ይቀርባል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በድሮ ዘመን ክፉ ረሃብ ገብቶ ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ፤ የከተማው ሰዎችም ገንፎ አቅርበው ቃል ተጋቡ። ጅቦቹ ከግማሽ በላይ በልተው ጥቂት ካስተረፉ ዘመኑ መልካም ነው ይባላል። ጨርሶ ካልቀመሱት ወይ ጠርገው ከበሉት ግን መጪው ጊዜ ያሰጋል። ከጅብ ጋር በዓመት አንድ ቀን ውል የሚታደስባት ከተማ!

ማታ ላይ ከግንቡ ውጪ ወደሚበሉበት ቦታ በባጃጅ ሄድኩ። ለጎብኚ የሚታየው ማብላት ከገንፎው ጋር ሲተያይ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቢሆነው ነው። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ በስማቸው ይጠራቸዋል። ከጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ እየፈሩ፣ እየተሽኮረመሙ፣ አንዱ አንዱን እየገፋ። ሥጋ በእንጨት ጫፍ ሰጠኝና «በይ ያዢ፣ አይዞሽ» አለኝ። ያዝኩ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ እርጥብ ምንጣፍና የቆየ ሥጋ የተቀላቀለ ዓይነት። ከዚያ ትንፋሹ እጄ ላይ። ሥጋውን የወሰደው ግን በሁለት ጥርስ ነው፤ እንደ ጨዋ እንግዳ። አጠገቤ የነበሩ ፈረንጆች አጨበጨቡ። ጅቦቹ በጭብጨባው ደንግጠው ወደኋላ ሸሹ።

እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ ይሄኛው ብዙም አልመሰጠኝም። ትርኢት ትርኢት ነው፤ ይከፈልበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል። የመሰጠኝ ስመለስ ያየሁት ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። በጁገል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ፣ ከፊቴ አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ትሄዳለች። ከወዲያ ማዶ ጅብ መጣ። እኔ ድንጋይ ሆኜ ቀረሁ። ሴትየዋ ግን ልክ ዕቃ የተሸከመ ሰው ሲመጣባት እንደምታደርገው ባልዲዋን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ጅቡም በበኩሉ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ተጠጋ። ተላለፉ። ከዚያ በእኔም አጠገብ አለፈ፤ ጀርባው ከወገቤ ትንሽ ዝቅ ይላል። አላየኝም ባይባልም ግድ አልሰጠውም። ሴትየዋን ደርሼባት «አልፈራሽም እንዴ?» ብላት ጥያቄው ራሱ አልገባትም። «መንገድ ላይ ነን እኮ» አለችኝ።

ሐረር ገነት ናት አላልኩም። እዚያም እናቶች ልጆቻቸውን ሲመሽ ይሰበስባሉ፤ ከከተማ ውጪ ከብት ያለው ገበሬም ስለ ጅብ እንደ ከተሜው አያወራም። ደግሞ የእኛን አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ጁገል ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ «ኑ ጅብ እናብላ» ብሎ መነሳትም ዕብደት ነው። በእጅ መመገብ የለመደ ጅብ ከማያውቀው ሰው እጅ ሲፈልግ አስቡት። ከዚያ ያመጣሁት የገንፎ አሠራር አይደለም። እዚያ ጅቡ በየት እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚያነሳ ሁሉም ሰው ያውቃል። እኛ ጋ የሚያውቁት የዳቦ ቤቷ ልጅ፣ ዘበኛውና በረንዳ አዳሪው ብቻ ናቸው። እነሱን ደግሞ ማን ይጠይቃቸዋል?

እስከዚያው ሌሊት የምትወጡ ሁሉ፣ የምሽት ፈረቃ ያላችሁ፣ ኪዳን የምትሳለሙ፣ (ከጭፈራ ቤት የምትመለሱትንም ረስቼ አይደለም) የሚከተለውን ያዙልኝ። ጅብ ካገኛችሁ አትሩጡ። የሚሮጥ ነገር ማባረር ተፈጥሮው ነው፤ ከእናንተም ይፈጥናል። ጀርባ አትስጡት። ቆማችሁ ፊት ለፊት እዩት፣ ጃኬታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ትልቅ ምሰሉ፣ ጩኹ፣ የስልካችሁን መብራት አብሩበት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደኋላ ራቁ። ጥሬ ሥጋ ይዛችሁ በሌሊት በእግር አትሂዱ። የጠጣ ጓደኛችሁን «ይተኛ፣ ሲነቃ ይመጣል» ብላችሁ መንገድ ዳር ጥላችሁት አትሂዱ፤ ይሄን ደግሜ እላለሁ፣ ጥላችሁት አትሂዱ። የበዓል ትርፍራፊ ማታ ከበር ውጪ አይደር፤ ጠዋት መኪናው ሲመጣ አውጡት። ሰፈራችሁ ውስጥ ቆሻሻ የሚከመርበት ጥግና ልጆች የሚያድሩበት በረንዳ ጎን ለጎን ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ መነሳት የሚችለው ቆሻሻው ነው፤ ወረዳ ሄዳችሁ ጨቅጭቁ።

ከነከሰ ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ጅብም እንደ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ሊያዝና ሊያስይዝ ይችላል። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፤ ከዚያ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱና ክትባት ጠይቁ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

የፋሲካ ሌሊት ደግሞ ከቅዳሴ ስትመለሱ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በነጠላችሁ ተጠቅልላችሁ ዶሮ ወጡን እያሰባችሁ ስትጣደፉ፣ ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ። እሱም ሁዳዴን ከርሞ ነው የሚመጣው።